ድንጋጤ ሕመም ሲሆን

ሰው ሁሉ ይደነግጣል። ሌሊት ጅብ ደጃፍ ላይ ሲጮህ፣ ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ፣ መርዶ ሲመጣ የማይደነግጥ የለም። ይህ ሕመም አይደለም። ሕመም የሚሆነው ጅቡ ሳይኖር፣ ልጁም ሳይወድቅ፣ መርዶም ሳይመጣ ድንጋጤው ብቻውን ሲነሣ፣ ሰውየውን «ሞትኩ» እስኪል ሲያስጨንቀው፣ ከዚያም ደጋግሞ ሲመላለስበት ነው። ሐኪሞች ይህን ሕመም ፓኒክ ዲስኦርደር ይሉታል። እኛ በዚህ ትምህርት የድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም እንለዋለን። ሊድን የሚችል ሕመም ነው። ይሁን እንጂ በስሙ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ስለሆነ ብዙዎች ሳይታከሙ ለዓመታት ይሠቃያሉ።

ነገሩን ለመረዳት እንዲመቸን አንዲት የሽንኩርት ነጋዴ በሐሳባችን እንያዝ። ሴትዮዋ የምትኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ዕድሜዋ ሠላሳ አልሞላም። ከመስኖ ማሳው ሽንኩርት ትረከባለች፣ ታስጭናለች፣ ታወራርዳለች፤ ጤነኛ ነች። አንድ ቀን ከረፋዱ ላይ ሚዛኑ አጠገብ ቁጭ ብላ ገንዘብ ስትቆጥር ልቧ በድንገት ድው ድው ይልባታል። ደረቷ ይጨመቃል፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ላብ ያጠምቃታል። ጣቶቿና የከንፈሯ ዙሪያ ይደነዝዛል፤ ጉልበቷ ይብረከረካል። አጠገቧ ያለው ሰው ከሩቅ ያለ ይመስላታል፤ የሚናገረውም ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚወጣ ድምፅ ሆኖ ይሰማታል። «ነፍሴ ልትወጣ ነው፤ ልጆቼን አደራ» ትላለች።

ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ «ምች ነው፤ ዳማ ከሴ አምጡ» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ ለክፏት ነው» ትላለች። አንዱ ጎልማሳ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ ያስጠጋል። በመጨረሻም ባጃጅ ላይ ደግፈው ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። እዚያ ስትደርስ ግን ጋብ ብሎላታል። የደም ግፊቷ ይለካል፤ ለወባ ደሟ ይታያል፤ ልቧም ይደመጣል። ከዚያም «እትዬ፣ ምንም የለብሽም፤ ሂጂና እረፊ» ትባላለች።

«ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል መልካም ወሬ ይመስላል። ለእሷ ግን አይደለም። ከሞት አፋፍ የተመለሰች ሰው እንዲህ ስትባል ወይ «ሕመሜን አላገኙልኝም» ትላለች፤ ወይ «ልቤ ደህና ከሆነስ አእምሮዬን ልስት ነው» ብላ ትፈራለች። በሳምንቱ ደግሞ ይነሣባታል። ከዚያ ወዲያ ቀን ከሌት የልቧን ምት ታዳምጣለች። መጀመሪያ ገበያውን ትተዋለች፤ ልጇን ትልካለች። ቀጥሎ አውቶቡስ ትተዋለች። እሑድ ሰንበቴ ገበያ መውረድ ይቀራል፤ ለቅሶ ቤት መቀመጥ ይቀራል፤ ሰው የሚበዛበት ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ያስፈራል። በመጨረሻ ብቻዋን ቤት መዋልም ትፈራለች። ድንጋጤው ራሱ የሚቆየው ደቂቃዎች ነው። ኑሮዋን የሚወስድባት «ዳግመኛ ይመጣብኛል» የሚለው ሥጋትና ከቦታ ቦታ መሸሽ ነው። ድንጋጤው ሕመም ሆነ የሚባለውም ይህ ሲጨመርበት ነው።

በብዙ አገሮች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የዓለም የጤና ድርጅት ጥናት ይህን ልዩነት በቁጥር ያሳያል። እንዲህ ያለ ድንጋጤ በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ የደረሰበት ሰው ከመቶ 13 ያህል ነው። ወደ ሕመም የተለወጠበት ግን ከመቶ 2 አይሞላም። እንግዲህ አንድ ቀን ተነሥቶበት የተወው ሰው በሽተኛ ነኝ ብሎ አይጨነቅ። ሕመሙ በሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ያህል ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከጉርምስና ማብቂያ እስከ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ባለው ዕድሜ ውስጥ ነው። በዘር ሐረግ የመተላለፍ ዝንባሌም አለው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ ሕመሙን ያወቀ ሰው ግማሹን ፍርሃት ጥሏልና። በይፋት ቆላ ማሽላው ሲያሸት ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። ግሪሳ ሲመጣ ይጮሃል፤ ወንጭፉንም ያጮሃል። ጥሩ ጠባቂ ማለት ቀድሞ የሚጮህ ነው። አንዳንድ ጊዜ የደመና ጥላ ማሳው ላይ ሲያልፍ ግሪሳ መስሎት ይጮህ ይሆናል። ጌታው በዚህ አያባርረውም። አሥር ጊዜ በከንቱ ቢጮህ ይሻላል፤ አንድ ጊዜ ዝም ካለ ማሽላው አለቀ።

በአንጎላችን ውስጥም እንዲህ ያለ ጠባቂ አለ። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ አካባቢ በተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ስትፈርስ፣ ሰው ሳያስብ ከቤቱ ዘሎ እንዲወጣ ያደረገው ይኸው ጠባቂ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከፈንታሌ ተራራ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማም ብዙዎችን በሌሊት ከፎቅ ያወረደ እሱ ነው። ጠባቂው ሲጮህ ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ለመሮጥም ለመታገልም እግርና ክንድ ደም ይፈልጋሉና። ትንፋሽ ይፈጥናል። ሰውነት እንዳይግል ያልባል። ሆድ ሥራውን ስለሚያቆም ያቅለሸልሻል።

ሰውየው ቢሮጥ ይህ ሁሉ በሥራ ላይ ይውል ነበር። የሽንኩርት ነጋዴዋ ግን ቁጭ ብላለች። ቁጭ ብላ ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ከደሟ ውስጥ የተቃጠለው አየር ከመጠን በላይ ይወጣል። የተቃጠለ አየር በደም ውስጥ ሲያንስ ጣት ይደነዝዛል፣ ከንፈር ይነዝራል፣ ራስ ይዞራል፣ ደረትም ይጨመቃል። አየር ያጠራት መሰላት እንጂ እንዲያውም አብዝታ ተንፍሳለች። እሷ ግን ይህን አታውቅም፤ ስለዚህ «ልቤ ሊቆም ነው» ትላለች። ይህ ሐሳብ ራሱ ለጠባቂው አዲስ ግሪሳ ነው! ይበልጥ ይጮሃል፤ ልቧም ይበልጥ ይመታል፤ እሷም ይበልጥ ትፈራለች። እንግሊዛዊው የሥነ ልቡና ምሁር ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 የዚህን አዙሪት አሠራር ጽፎ አሳይቷል። ዛሬ የሚሰጠው የምክር ሕክምና ከዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ብዙ ወስዷል።

አዙሪቱ ግን መጨረሻ አለው። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ሰውነት ይህን ያህል ጩኸት ለረጅም ጊዜ መሸከም ስለማይችል ራሱ ያበርደዋል። ነጋዴዋ ጤና ጣቢያ ስትደርስ የተሻላት ለዚህ ነው። አስመሳይ ሆና አይደለም።

ሕመሙ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ሐኪም ጃኮብ ዳ ኮስታ እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ አገሩ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች ሲጽፍ ልባቸው እየመታ፣ ደረታቸውን እያመማቸው፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ወደ ሆስፒታል ስለመጡ ሰዎች ዘግቧል። የብዙዎቹ ልብ ሲመረመር የሚታይ ጉዳት አልተገኘበትም። ሕመሙ ራሱን የቻለ ስም አግኝቶ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው።

ስለ ጦርነት ካነሣን አይቀር የይፋትን ነገር ሳይጠቅሱ ማለፍ አይገባም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በነበረው ግጭት አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ብዙ ሕዝብ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ጥይት ሲተኮስ የደነገጠ ሰው ጠባቂው ሥራውን ሠራ እንጂ አልታመመም። ነገር ግን ተኩሱ ካለፈ በኋላም ያየው ነገር በሕልሙና በቁሙ እየተመላለሰ፣ በር ሲንኳኳ የሚያስበረግገው ከሆነ ይህ ከድንገተኛ ድንጋጤ ሕመም ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም የተለየ ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ስንሄድ ልብ ምቴን ብቻ ሳይሆን ያየሁትንም ልናገር ማለት ይገባል። ሐዘን፣ ዕዳ፣ ወሊድ፣ ከቤት መፈናቀል ሁሉ ለሕመሙ በር ሊከፍቱ ይችላሉ።

ድንጋጤ የሚመስል ሁሉ ግን ድንጋጤ አይደለም። ይህን በጥንቃቄ እናንብብ። ቆላ ላይ የሚያልበውና የሚያንቀጠቅጠው ሰው ወባ ሊሆንበት ይችላልና መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የደም ስኳር መውረድ፣ የልብ በሽታ ልብን ያስመታሉ። ዕድሜው የገፋ ሰው፣ ወይም የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ደረቱን ጭምቅ አድርጎ ይዞት ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ ሳይዘገይ ሆስፒታል ይድረስ። ራሱን የሳተም እንዲሁ። የድንጋጤ ሕመም ልወድቅ ነው ያሰኛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይጥልም።

ከምክንያቶቹ ሁሉ በእኛ አካባቢ ሳይነገር የሚታለፈው ጫት ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካቲኖን ልብን ያፈጥናል፣ ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ይነሣል። ሾፌሩ ሌሊት ለመንዳት፣ ገበሬው ለሥራ፣ ወጣቱ ለጨዋታ ይቅማል። ማታ ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ሆድ ይብሳል፣ ልብ ይመታል። የድንጋጤ ሕመም ያለበት ሰው ይህንን «መጣብኝ» ብሎ ይተረጉመዋል። ሦስተኛውን ስኒ ቡና የጠጣም እንዲሁ። ጫትን በባህልነቱ መውቀስ የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም፤ ሆኖም ልቤ ይመታል ብሎ ሐኪም ጋ የሚሄድ ሰው መቃሙን መደበቅ የለበትም። እኔ እንደሚመስለኝ በጫት የመጣ የልብ ምት ሲመረመር፣ ስለ ጫቱ ሳይጠየቅ የቀረ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ድንጋጤው በተነሣ ጊዜ ምን ይደረግ? በሽተኛው ባለበት ይቀመጥ እንጂ አይሩጥ። በአፍንጫው ቀስ ብሎ እስከ አራት እየቆጠረ አየር ያስገባ፤ እስከ ስድስት እየቆጠረ ያውጣ። ትከሻውን ይልቀቅ። ለራሱም «ይህን አውቀዋለሁ፤ ጠባቂው ነው የሚጮኸው፤ ይበርዳል» ይበል። ለማስቆም አይታገል፤ ዝናብ እስኪያባራ ዛፍ ሥር እንደሚጠብቅ መንገደኛ ይጠብቀው። በዙሪያው ያለው ሰው ይራቅ፤ አንድ ሰው ብቻ አጠገቡ ይሁን። የክብሪት ጭስ አታሽቱት፤ ትንፋሽ ላጠረው ሰው ጭስ ምን ይጠቅመዋል? በፌስታል ውስጥ እንዲተነፍስም አታድርጉ፤ አደጋ አለው። «አይዞሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ፤ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ» የሚል አንድ ድምፅ ይበቃል።

እርዳታው የሚጀምረው ከቅርብ ነው። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያው ወይም ሆስፒታሉ። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ለረጅም ዘመን አዲስ አበባ ባለው በአማኑኤል ሆስፒታል ብቻ የተወሰነ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች መሠልጠን ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ። የዓለም የጤና ድርጅት በየጤና ጣቢያው ያለው ባለሙያ የአእምሮ ሕመምን እንዲያክም የሚያስችል መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2010 አውጥቷል፤ ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ነች። የጭንቀትና የድንጋጤ ሕመሞች ራሳቸውን የቻለ ክፍል ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 በታደሰው መመሪያ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሠለጠነ ባለሙያ ሕመሙን ቶሎ ባይለየው አይገርምም። በሽተኛው ራሱ አጥርቶ ይንገረው፦ በድንገት እንደሚነሣ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ፣ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ፣ ከፍርሃቱ የተነሣ ምን ምን እንደተወ። ፊደል የቆጠረ ሰው ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ቢጽፍ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ነው።

ለበለጠ ሕክምና ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚህ ላይ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። መንገዱ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በጠመዝማዛው ዳገት ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጣርማ በር ይወጣል፤ እዚያም ዋሻ ውስጥ ይገባል። አውቶቡስ የምትፈራ ሴት ወደ ሐኪሟ ለመድረስ የምትፈራውን ሁሉ ማለፍ አለባት ማለት ነው። ብዙ ሰው ቀጠሮውን የሚያስቀረው በገንዘብ ምክንያት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

ይህንኑ መንገድ መድኃኒት ማድረግ ይቻላል። የምክር ሕክምናው ዋና ሥራ በሽተኛው የሸሸውን ነገር ጥቂት በጥቂት እንዲለማመደው ማድረግ ነው። ነጋዴያችን መጀመሪያ ከእህቷ ጋር መናኸሪያ ሄዳ ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ ትቀመጥ። ልቧ ቢመታም እስኪበርድ አትውረድ። በሌላ ቀን እስከ አርማንያ፣ ከዚያ እስከ ደብረ ሲና ትሂድ። ደብረ ሲና ላይ ሲበርዳት፣ ዳገቱ ላይም ትንፋሿ ጥቂት ሲያጥር የከፍታው አየር እንጂ ሞት እንዳልሆነ ትወቅ። እያንዳንዱን ሳትፈራ እስክትችለው ትደጋግመው፤ በመጨረሻም ዋሻውን ትለፍ፤ መጀመሪያ ከሰው ጋር፣ ኋላ ብቻዋን። ጠባቂው ትምህርት የሚገባው በምክር ሳይሆን በማየት ነው። ደመናው አሥር ጊዜ አልፎ ማሽላው ካልተነካ፣ አሥራ አንደኛ ጊዜ ላይ ጩኸቱ ይቀንሳል። ከመንገድ ዘላ የወረደች ግን «መውረዴ አዳነኝ» ብላ ፍርሃቷን ታደልበዋለች።

ይህ ካልበቃ መድኃኒት አለ። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የሚባሉት ለዚህ ሕመም ይሰጣሉ። ኢሚፕራሚንና አሚትሪፕቲሊን የሚባሉ ቀደምት መድኃኒቶችም አሉ፤ እነዚህ ከመጠን ሲያልፉ ስለሚገድሉ ከልጆች እጅ ይራቁ። መድኃኒቱ ዕለቱን አይሠራም። ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እንዲያውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያቅበጠብጥ ስለሚችል በትንሹ ይጀመራል። ብዙ ሰው በሳምንቱ «አባሰብኝ» ብሎ የሚጥለው ይህን የሚነግረው ስለሌለ ነው። ከተሻለውም በኋላ ወራት ይወስዳል፤ የሚቆመው በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። ጾም የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ሮመዳን የያዘ ሙስሊም የሚወስድበትን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ይነጋገር እንጂ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ዲያዜፓም ሌላ ነገር ነው። ቶሎ ያረጋጋል፤ ስለዚህ ይወደዳል። ይሁንና ሱስ ያስይዛል፤ ሕመሙንም አያድነውም። በ2023ቱ መመሪያ ለዚህ ሕመም መታከሚያ እንዲሆን አልተመከረም። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን በድንገት አያቁም፤ ሐኪም ይጠይቅ።

ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፤ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ፤ ልብ የሚያርፍበት ነገር ሁሉ ይጠቅማል። መድኃኒቱ ግን ከዚያ ጋር አብሮ ይኑር። በሽተኛን ማሰር፣ መደብደብ፣ ማስራብ ጠባቂውን ይበልጥ ያስጮኸዋል። ከቤተ ሰብ የሚፈለገው ሁለት ነገር ነው፤ ሁለቱም አይቀሉም። «ፈሪ» ብሎ አለመሳደብ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በርኅራኄ ብዛት ሥራዋን ሁሉ እየሠሩላት እቤት አለማስቀረት ነው። ልጇ ገበያውን ለዓመት ከሸፈነችላት ፍርሃቷን አብራ ትቀልበዋለች። አብሯት ገበያ ትሂድና ሚዛኑን ለእናቷ ትስጣት። ሕመምተኛዋ ሞትን የምትመኝ፣ ራሴን ላጥፋ የሚል ቃል የሚያመልጣት ከሆነ ግን ልምምዱ ይቆይ፤ ሳታድር ወደ ሐኪም ትወሰድ፤ እስከዚያም ብቻዋን አትተው።

የመወያያ ጥያቄዎች

በሰፈራችሁ «ምች ነው» ወይም «ለክፏት ነው» ሲባል የሰማችሁት ሕመም አለ? ምልክቱ ከዚህ ጽሑፍ ጋር የሚመሳሰለው በምን ነው? የሚለየውስ?

ነጋዴዋ «ምንም የለብሽም» ስትባል ለምን አላረፈችም? እናንተ የጤና ሠራተኛ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

አውቶቡስ የሚፈራ ሰው ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን እስኪደርስ በስንት እርምጃ ብታለማምዱት ይሻላል? የመጀመሪያውን እርምጃ ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ አንብቡ።